ማጥፊያው በማን እጅ ነው? የሐዋሳ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፤ መንገድ ላይ

ክራርና ከበሮ ይዞ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ ሰው ዕቃውን የአውቶብስ ጣሪያ ላይ ባያስጭን ይመረጣል። ከሞጆ በታች ያለው ፀሐይ የከበሮውን ቆዳ አድርቆ ይወጥረዋል፤ ሲብስም በጠፍሩ በኩል ይቀደዳል። ክራሩ ከመነሳቱ በፊት አውታሮቹ ሁለት ሁለት ዙር ይላላሉ፤ ብርኩማው (አውታሮቹን ከፊቱ ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) ተነቅሎ በጨርቅ ይጠቀለልና በእጅ ቦርሳ ይያዛል። ሳይላላ የተጫነ ክራር መንገዱ በነቀነቀው ቁጥር ቀንበሩ ላይ ጫና ስለሚበዛበት ሐዋሳ ሲደርስ ፊቱ ጎብጦ ይገኛል።

መንገዱ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ። ሚኒባስ ውስጥ ስፒከሩ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ ስለሆነ ኋላ የተቀመጠ ሰው አበሳውን ያያል። ቢሆንም «ሹፌር፣ እባክህ ትንሽ ቀንስልን» የሚል አይጠፋም፤ ሹፌሩም አጉረምርሞ ይቀንሳል። ሳምንቱን የምንሠራበት ጉዳይ ከዚህች ልመና ብዙም አይርቅም። በእስር ቤት፣ በጦር ግንባርና ከዚያ በኋላ በሚመጣው የመንፈስ ስብራት ውስጥ ሙዚቃ ይጎዳል ወይስ ያግዛል ሲባል፣ ከዜማው ውበት ይልቅ የሚወስነው የድምፁ ማጥፊያ በማን እጅ እንዳለ ነው።

ሻሸመኔ ላይ ለሻይ እንቆማለን። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ገደማ በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩት ራስተፈሪያኖችና የባርነት ታሪካቸውን የተሸከመው ሬጌ ራሱን የቻለ ጉዞ ይፈልጋሉ። ሐዋሳ ከዚያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

ማክሰኞ፤ ክፍሉና ክራሩ

ሐዋሳ ላይ የምንከፍተው የሙዚቃ ክበብ ነው። ተሳታፊዎቹ ከእስር የወጡና ከጦርነት ቀጠና የተፈናቀሉ ሰዎች ናቸው፤ በአንድ ክበብ ከ8 እስከ 12። ከዚያ ከበዛ አንዱ ሲጨንቀው የሚያይለት አይኖርም። አስተባባሪ ሁልጊዜ ሁለት ነው፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ፊት ብቻ ያያል። የሚያየው ሰው መሣሪያ አይዝም። ይህ የሚጣሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው አስተባባሪም መጫወት ስለሚያምረው ነው።

ክፍሉ ቢያንስ 5 በ6 ሜትር ይሁን፤ ምድር ቤት አይሁን። የብረት በር ካለው መዝጊያው ላይ ጨርቅ ይታሰር፤ የብረት በር ሲዘጋ የሚሰጠውን ድምፅ ታስሮ የወጣ ሰው ከሁላችንም ቀድሞ ይሰማዋል። ወንበሮቹ ክብ ይሠራሉ፤ ማንም ጀርባውን ለበሩ አይሰጥም። በሩ ይገፋል እንጂ አይቆለፍም። ሐዋሳ ውስጥ የሚገኘው አዳራሽ አብዛኛው ሲሚንቶ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ስለሆነ ያስተጋባል። መሐል ላይ አንዴ ያጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ከአንድ ሰከንድ በላይ ከቆየ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ይሰቀል፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ። ይህን ማድረግ የሚያስፈልገው ለውበት አይደለም፤ ፍንዳታ አጠገቡ የተሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ጆሮው ይጮኻል፣ ተራ ድምፅም ያመዋል፤ ማስተጋባት ደግሞ ድምፁ ከየት እንደመጣ እንዳይለይ ስለሚያደርገው ይረብሸዋል።

ቀጥሎ የሚሠራውን ሥራ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ክበቡ በሚካሄድበት ሰዓት፣ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ክፍሉ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚሰማውን ሁሉ መጻፍ ነው። አዛን፣ የቤተ ክርስቲያን ማጉያ፣ የባጃጅ ጋራዥ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ ጄኔሬተር። በክረምት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ማንኛውንም ዝግ ያለ ዜማ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ክበቡ ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ይሁን። ሐይቁ ዳር ያሉ ቦታዎች ቅዳሜና እሑድ አይመቹም፤ በጥርና በሚያዝያ የሰርግ መኪና ጡሩምባ አያስቀምጥም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ያን ሳምንት መተው ነው።

ከሰዓት በፊት አሞራ ገደል ወርደን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ገዛን። ጠዋት የዓሣው ገበያ ሲሟሟቅ አባ ኮዳዎቹ ከሰው እግር ሥር ይገባሉ፤ መረብ የሚጠግኑት ሰዎች ግን ቀና ብለውም አያዩአቸውም። ናይለኑን በየውፍረቱ መርጠን ወሰድን። ክራር በሽቦ አውታርም ይሠራል፤ መድረክ ላይ ያምርበታል። ለዚህ ሥራ ግን ሽቦው ሹል ነው፤ ሲመታ ድንገት ይነሳል፣ ጆሮ ይወጋል። ናይለን ይለሰልሳል። ማረሚያ ቤት ለሚገባ ክራር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፦ ሽቦ በር ላይ ያስጠይቃል። ናይለንም ቢሆን ስንት አውታር እንደገባ ተቆጥሮ ይጻፋል፣ ሲወጣም ይቆጠራል። መጠባበቂያው አውታር ማረሚያ ቤቱ ውስጥ እንዲያድር አይተውም።

አዲስ ናይለን አንድ ሁለት ቀን ይሳሳባል፤ ቃኝተውት ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ወርዶ ያገኙታል። ስለዚህ ሐሙስ ለሚጀመር ክበብ ማክሰኞ ይታሰራል። አውታሩ ቀንበሩ ላይ በተጠቀለለው ጨርቅ ላይ ሦስት አራት ዙር ይዞራል፤ ጨርቁ ከሌለ ይንሸራተታል። በአውራ ጣት መሐሉን ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ እያደረጉ እንደገና መቃኘት፤ ማታ አንዴ፣ ረቡዕ ሁለቴ። አምስቱ ድምፆች በሙሉ ትዝታ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ ስድስተኛው አውታር ዶን ይደግማል። ወደ ግማሽ ትዝታ ለመሄድ ሚ እና ላ ብቻ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፤ ሁለት መቃኛ ማዞር ነው፣ ክበቡ መሐል ላይ ሰው ሳያስጠብቁ ይሠራል። ባቲ (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) ጊዜ ይወስዳል። አንቺሆዬ ቅኝትን ለመጀመሪያው ሳምንት አንመርጠውም፤ ውስጡ ያለው ውጥረት ለሰለጠነ ጆሮ ውበት ነው፣ ሌሊት ላልተኛ ሰው ግን ማረፊያ አይሰጥም።

ረቡዕ፤ ሙዚቃ ሲያሰቃይ

ጠዋት ከአስተባባሪዎች ጋር ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው «ሙዚቃ የነፍስ ምግብ ነው» የሚለውን ይዞ ስለሚመጣ ቀኑን ከተቃራኒው እንጀምረዋለን። ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው ሁልጊዜ ዳዊት ነው፦ በገና ሲደረድር ክፉው መንፈስ ከሳኦል ይርቅ ነበር፤ 1ኛ ሳሙኤል 16፥23። ሁለት ምዕራፍ ገልጦ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። በ18፥10–11 ዳዊት እንደ ወትሮው እየደረደረ ሳለ ሳኦል ጦሩን ወረወረበት። ያው በገና፣ ያው ደርዳሪ፣ ያው አድማጭ።

እ.ኤ.አ. በ1971 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ የእንግሊዝ ኃይሎች በ14 እስረኞች ላይ አምስት ዘዴዎችን አንድ ላይ ተጠቀሙ፦ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማቆም፣ ፊት መሸፈን፣ የማያቋርጥ የጩኸት ድምፅ፣ እንቅልፍ መንሳት፣ ምግብና ውኃ መቀነስ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ድርጊቱ ኢሰብዓዊና አዋራጅ ነው ብሎ ፈረደ፤ «ስቃይ» ወደሚለው ግን አልሄደም። የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ስቃይ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 በእስራኤል ጉዳይ ላይ በሰጠው አስተያየት ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ ሙዚቃ ማሰማትን ከተከለከሉት የምርመራ ዘዴዎች መሐል በስሙ ጠቀሰው። ከዚያም በኋላ በአሜሪካ እጅ በነበሩ የጓንታናሞና የኢራቅ እስር ቤቶች ሥራ ላይ ውሏል።

ለምን ይሠራል? አንደኛ፣ ጆሮ ክዳን የለውም። ሁለተኛ፣ መቼ እንደሚያቆም የሚያውቀው ያሰረው ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ ሐሳብ አብሮ ይበተናል፤ እስረኛው በልቡ ጸሎት ወይም ዘፈን እንኳ ይዞ መቆየት ያቅተዋል። አራተኛ፣ ሰውነት ላይ ምልክት አይተውም፣ በኋላ ለፍርድ ቤት የሚታይ ነገር የለም። ጆሮ የሚጎዳበትን ልክ በቁጥር ማወቅ ይጠቅማል፦ 85 ዲሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ለ8 ሰዓት ዳር ድንበሩ ነው፤ በየ3 ዲሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። እኛ ክበብ ውስጥ ከ70 አናልፍም፤ በስልክ መለኪያ ይታያል፣ ፍጹም ትክክል ባይሆንም ልዩነቱን ያሳያል። ማጉያ ጨርሶ አይገባም።

ከዚያ የምንሄደው ወደ ቢርከናው፣ የአውሽቪትስ አካል ወደነበረው የናዚዎች የሞት ካምፕ ነው። የሴቶቹ ኦርኬስትራ እስረኞች ወደ ሥራ ሲወጡና ሲመለሱ ማርሽ ይጫወት ነበር፤ ከነሐሴ 1943 እስከ ሚያዝያ 1944 እ.ኤ.አ. የመራችው አልማ ሮዜ እዚያው ሞተች፤ ሴሎ ተጫዋቿ አኒታ ላስከር-ቫልፊሽ ተረፈች። የወንዶቹን ኦርኬስትራ የመራው ሲሞን ላክስ ግን ሙዚቃ እስረኛውን አበረታው የሚለውን ወሬ አልተቀበለም፤ የተራበ ሰው ላይ ሙዚቃ ተስፋ ያስቆርጣል እንጂ አያቆምም ባይ ነበር። እዚህ ላይ አስተባባሪዎች ይከራከራሉ፣ መከራከራቸውም ጥሩ ነው። ለሥራችን የሚወጣው ይህ ነው፦ ከተሳታፊዎቹ መሐል ሙዚቀኛ ካለ ሰው ፊት «ተጫወትልን» አይባልም። ምናልባት ተገዶ ተጫውቶ ይሆናል፣ ምናልባት ስለተጫወተ ተርፎ ጓደኛው አልተረፈም። ለብቻ ይጠየቃል፤ እምቢ ካለ ምክንያት አይጠየቅም።

የቴሬዚንም ነገር አለ፤ ናዚዎች ቼክ አገር ውስጥ አይሁዶችን ያጎሩበት ጌቶ ነው። ጌቶው ውስጥ የታሰሩ ልጆች አንድ ኦፔራ 55 ጊዜ አቀረቡ፤ ሰኔ 1944 እ.ኤ.አ. የቀይ መስቀል ጎብኚዎች ሲመጡም ናዚዎች አሳዩት። አቀናባሪውና አብዛኞቹ ልጆች በኋላ ወደ አውሽቪትስ ተላኩ። ረጂ ድርጅት ሊጎበኝ ሲመጣ «ልጆቹ አንድ ዘፈን ያሰሙልን» የሚል ሰው ባለበት ሁሉ ይህን እናስታውሳለን። ጎብኚ ክበብ ውስጥ አይገባም፤ ቪዲዮም የለም።

ከሁሉም የሚጠቅመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆነው የሱማትራው (የኢንዶኔዢያ ደሴት) ነው። ጃፓኖች ያሰሯቸው የእንግሊዝ፣ የሆላንድና የአውስትራሊያ ሴቶች መሣሪያ አልነበራቸውም፤ አንድ ቋንቋም አልነበራቸውም። ኖራ ቼምበርስና ማርጋሬት ድራይበርግ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ከትዝታቸው እየጻፉ ለድምፅ አስማሙት፤ ቃል ሳይኖረው በሆሄ ብቻ ይዜማል። የመጀመሪያው ዝግጅት ታኅሣሥ 27 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. ነበር። ያቆመው ረሃቡና በሽታው ብዙዎቹን ዘማሪዎች ሲጨርስ ነው። ሐዋሳ ላይ አንድ ክበብ ውስጥ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ይገናኛሉ፤ አንዱ የተመረመረበት ቋንቋ ለሌላው የእናቱ ቋንቋ ነው። በ«ም» ማንጎራጎር ይህን ሁሉ ይዘለዋል።

ሐሙስ፤ የመጀመሪያው ክበብ

ጊዜው 70 ደቂቃ ነው። አስሩ ለመቀበያ፣ ሻይ በዳቦ። ቡና ይቀራል፤ በሲዳማ ምድር ቡና መከልከል ያሳፍራል፣ ግን ልቡ እንዲሁ በፍጥነት የምትመታ ሰው ላይ ቡና ሲጨመር ምቱን ከፍርሃት መለየት ያቅተዋል። ከክበቡ በኋላ ቢፈላ ማንም አይቃወምም። የባጃጅ ሒሳብ ሲገቡ ይሰጣል፤ ሲወጡ የሚሰጥ ከሆነ መሐል ላይ መሄድ የፈለገ ሰው ይታሰራል።

ታላላቆች አስቀድመው ቦታ ይመርጣሉ፦ «ጋሼ፣ በሩ አጠገብ ይሻልዎታል?» ቦታውን እኛ አንሰጥም። ሴቶች የራሳቸው ክበብ፣ ሴት አስተባባሪ አላቸው።

አምስት ደቂቃ ለደንቡ። ማንም እጁን ካነሳ ሙዚቃው ይቆማል፤ አይቀንስም፣ ይቆማል። ሁሉም ሰው አንድ አንድ ጊዜ በተራ እጁን እያነሳ ይሞክረዋል። ይህን ልምምድ ቀልድ መስሎት የሚዘል አስተባባሪ አለ፤ ያልተሞከረ ማቆሚያ በጨነቀ ጊዜ አይታወስም። ታስሮ ለከረመ ሰው ሙዚቃ በእሱ እጅ ምልክት ጸጥ ሲል ማየት ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ መሠረት ነው።

ስምንት ደቂቃ ለእስትንፋስ። በደቂቃ 60 ምት፣ በአራት ምት በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ በስድስት ምት በ«ም» ወደ ውጭ። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ነው፣ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል። ማውጣቱ ከማስገባቱ ሲረዝም የልብ ምት ይቀንሳል። ዓይን አይጨፈንም፤ መጨፈን ለብዙዎች የተሸፈኑበትን ቀን ይመልሳል። ራሱ የሚዞርበት ሰው ወደ ተለመደው አተነፋፈሱ ይመለስ፤ ከመጠን በላይ ስቦ ይሆናል።

አሥራ ሁለት ደቂቃ ለምት። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ወዲያው ዝግ ያለ ነገር የሚጀምር ነው። የተረበሸ ሰውነት ከዝግታ ጋር አይገጥምም፣ ያበሳጨዋል። ሰዎቹ ካሉበት መጀመር ይሻላል፦ 90 ምት፣ በየሁለት ደቂቃው አምስት እየቀነሰ፣ መጨረሻው 60። ምቱ የሚመታው በጣት ጫፍ ጉልበት ላይ ነው። ጭብጨባ ጥፊ ይመስላል። ከበሮ ከገባ በጠባቡ ፊት ላይ ነጠላ ተጣጥፎ ይደረጋል፣ በመዳፍ ሳይሆን በጣት ይመታል፤ የመጀመሪያው ምት ከመምጣቱ በፊት ከበሮው ለሁሉም ይታያል፣ «አሁን ልመታ ነው» ይባላል። ጸናጽል አናስገባም፤ የቁልፍ ዘለላ ይመስላል።

ሃያ አምስት ደቂቃ ለዜማ፣ በክራር። ዘፈኑን የሚመርጡት ተሳታፊዎች ናቸው፤ ያልተመረጠ ዘፈን በስልክም አይከፈት። እስክስታ የሚያምረው ሲነሳ ማበረታታት ደስ ይላል፣ ሆኖም ሌላውን መጎትጎት አይገባም፦ እጁ ተጠፍሮ የተሰቀለ ሰው ትከሻው ነርቭ ይጎዳል፣ ዓመታት ቆይቶም ክንዱ ላይነሳ ይችላል። ክራርም ለመያዝ የሚቸገር ጣት አለ፤ ለእሱ አንዲት አውታር ብቻ፣ ዶን፣ በየአራት ምቱ መንካት በቂ ሥራ ነው።

መሐል ላይ አንድ ሰው ዓይኑ ከፈዘዘ፣ ላብ ከወጣው ወይም ትንፋሹ ከተያዘ ሙዚቃው ይቆማል። የሚያየው አስተባባሪ ከጎን ይቀርባል፣ ከኋላ አይመጣም፣ አይነካም። «ጋሼ፣ ሐዋሳ ነን። ዛሬ ሐሙስ ነው። እግርዎ ወለሉን ይሰማዋል?» ቀጥሎ የሚያዩአቸውን አምስት ነገሮች ስም ማስጠራት፣ ቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ማስያዝ። ምን እንዳስታወሱ አይጠየቅም። ቡድኑ ዝም ብሎ እንዲያይ አይተውም፤ መሪው ሌሎቹን ወደ ማንጎራጎር ሳይሆን ወደ ተራ ወሬ ይመልሳቸዋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ለሳምንታት እንቅልፍ ማጣት ወይም የሌለ ድምፅ መስማት ካለ ጉዳዩ የክራር አይደለም፤ ሰውዬው ብቻውን ሳይሆን ከሚያምነው ሰው ጋር ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሄዳል።

የቀረው አሥር ደቂቃ መዝጊያ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያዩትን፣ ማታ የሚበሉትን ይነጋገራሉ። ከዘፈን ቀጥታ ወደ ውጭ የወጣ ሰው ሌሊቱን አይተኛም።

ዓርብ፤ ሽለላ፣ ሙሾ፣ በገና

ዛሬ የተነሳው ጥያቄ የጦር ዘፈን ነው። ፉከራና ሽለላ አባቶቻችን ወኔ የሚቀሰቅሱበት ነው፤ ሥራው ልብ ማፍጠን፣ ደረት መንፋት፣ ጠላትን መጥራት ነው። ሥራውን አሁንም ይሠራል፣ ችግሩም እሱ ነው። የተዋጋው ሰው ይነሳል፣ ጎኑ ያለው የተወጋበት ሰው ይኮማተራል። አትዝፈን ማለት ግን ሌላ ማጥፊያ መንጠቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ከክበቡ ውጭ፣ ከሚፈልጉት ጋር ብቻ፣ ከዚያም ከ90 ወደ 60 የሚያወርደውን ምት አስከትሎ። ዘፈን ብቻውን ሰው አይገድልም የሚሉ የሩዋንዳውን ዘፋኝ ሲሞን ቢኪንዲን ያንሱ፤ የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ የወንጀል ችሎት በ2008 እ.ኤ.አ. 15 ዓመት የፈረደበት ለዘፈኖቹ ሳይሆን፣ ሰኔ 1994 ላይ በመኪና ማጉያ ቱትሲዎችን እንዲገድሉ ስለቀሰቀሰ ነው። ማጉያው እንደገና።

ገዢም ዘፈንን ይፈራል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያሉ በዜማ ወሬ የሚያዞሩትን፣ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን አስይዞ እንዲረሸኑ አዘዘ።

ሙሾ የሚፈለገው ቀብር ያላዩ ሰዎች ሲኖሩ ነው። የሞተው ሳይቀበር፣ ድንኳን ሳይተከል የቀረ ኀዘን ጉሮሮ ላይ ይቆያል። ሙሾ ቅርጽ አለው፦ አውጪዋ ስም ትጠራለች፣ ሌሎች ይቀበላሉ፣ ከዚያ ያበቃል። ማብቃቱ ነው የሚጠቅመው። አልቃሽ ከውጭ አይከራይም፤ ያገሩን ወግ የሚያውቁ እናት ከመሐል ካሉ እሳቸው ይምሩት፤ ከ20 ደቂቃ አይለፍ፣ ከኋላው ምግብ ይኑር። ዓርብ ስለሆነ ሽሮና ጎመን ነበር፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ሐዋሳ ላይ መክፈት ግን ከሰዓቱን መሰረዝ ነው።

በገናው አሥር አውታር ያለው የጾም መሣሪያ ነው፤ ነዛሪው ድምፅ ከእንዚራው (በየአውታሩ ሥር ከሚገባው ትንሽ ቆዳ) ይመጣል፣ ዝግ ብሎ ደረት ውስጥ ይሰማል። ኦርቶዶክስ ለሆኑት ብዙ ጊዜ ዕረፍት ነው። ሐዋሳ ግን ፕሮቴስታንቱ የሚበዛበት፣ ሙስሊሙም ያለበት ከተማ ነው፤ ለአንዱ ጸሎት የሆነው ለሌላው ግዳጅ እንዳይሆን በገና የሚደረደረው ለጠየቁ ብቻ፣ በተለየ ሰዓት ነው።

ቅዳሜ፤ ጉዱማሌ

ጠዋት ጉዱማሌ ሄድን። በፊቼ ጨምበላላ ጊዜ የሲዳማ ሽማግሌዎች ቄጣላ የሚያዜሙት እዚህ ነው፤ በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው አሠራሩ ነው፦ አንዱ ያወጣል፣ ብዙዎች ይቀበላሉ፣ የደከመው ተቀባይ ይሆናል፣ ማንም ብቻውን መድረክ ላይ አይቆምም። ለተሰበረ ሰው ከብቻ ዘፈን ይልቅ መቀበል ይቀለዋል። ከሐዋሳ ሰው ጋር የሚሠራ ሁሉ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን ከማውጣቱ በፊት ይህን ይጠይቅ።

ለማረሚያ ቤት ሥራ ፈቃድ ሲጠየቅ የሚጠቀሰው የኔልሰን ማንዴላ ሕጎች (የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንብ) 105ኛው አንቀጽ ነው፤ ለታራሚዎች አካልና አእምሮ ጤና ሲባል የመዝናኛና የባህል እንቅስቃሴ በሁሉም ማረሚያ ቤት ይዘጋጅ ይላል። ደብዳቤው ላይ የመሣሪያው ዝርዝር፣ የአውታር ብዛት፣ የሚገቡት ሰዎች ስምና የክበቡ ሰዓት ይጻፋል። «ኮንሰርት» የሚል ቃል ደብዳቤው ውስጥ ከገባ መድረክና ማጉያ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ታራሚዎችም ተሰልፈው እንዲያጨበጭቡ ይታዘዛሉ።

ክራሩን ለአካባቢው አስተባባሪ ትተናል፤ ከሱ ጋር አንድ ጥቅል ናይለን፣ ሁለት መለዋወጫ መቃኛ፣ የሆስፒታሉ ስልክና የክበቡ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት። ክበቡ በሳምንት አንዴ፣ ቢያንስ ለስምንት ሳምንት ይቀጥላል፤ ከዚያ ካነሰ ሰዎቹን ከፍቶ መሄድ ነው። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ለቀረ ሰው አንድ ጊዜ ይደወላል፤ አልመጣም ካለ «እሺ» ይባላል፣ ወንበሩ ግን አይነሳም።